ሟች ያልጨረሰው ሥራና የሕያዋን አደራ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር የጀመረውን ሁሉ ፈጽሞ አይሄድም። ገበሬው የዘራውን ሳያጭድ፣ ግንበኛው ያቆመውን ቤት ሳይከድን፣ ደራሲው የጀመረውን መጽሐፍ ሳይዘጋ በሞት ይጠራል። ወገኖቹም አልቅሰው ከቀበሩና ከኀዘናቸው ጥቂት ከተጽናኑ በኋላ አንድ ጥያቄ ከፊታቸው ይቆማል፤ ይኸውም የተጀመረውን ማን ይጨርሰው፣ እንዴትስ አድርጎ ይጨርሰው የሚል ነው። በእርሻውና በቤቱ ረገድ መልሱ አያስቸግርም። አዝመራውን ልጅ ወይም ጎረቤት ያነሣዋል፤ ጣራውን ሌላ ግንበኛ ይከድነዋል፤ እህሉም እህል፣ ቤቱም ቤት ከመሆን አይጎድልም። ነገር ግን ሥራው የሟቹ መልክ፣ ድምፅና አሳብ የታተመበት በሆነ ጊዜ ጥያቄው እየከበደ ይሄዳል። ሌላ ሰው የጨመረበት ሥራ የማን ሥራ ነው? ሟቹስ አይሆንም ለማለት በማይችልበት ሰዓት ፈቃዱን ማን ይናገርለታል?

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ነገር ከፍ ካለ ስፍራ የተገኘ አይደለም፤ አንድ የካራቴ ፊልም ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ በዚህ መጽሔት ምን ይሠራል የሚሉ አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ዳሩ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ በፈላስፎች መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ተዘግቶ የሚኖር አይደለም፤ ሕዝብ ለመዝናናት በሚሰበሰብበትም ስፍራ ይገኛል። በቦንጋ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ የቪዲዮ ቤቶች በነበሩበት ዘመን ወጣቱ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጦ የሆንግ ኮንግን ፊልም ይመለከት ነበር። ዛሬ ያው ፊልም በእጅ ስልክ ይታያል። በቅርቡ ጥቂት ወጣቶች አንዱን የብሩስ ሊ ፊልም ከበው ሲመለከቱ ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ «ሰውዬው ከሞተ ስምንት ዓመት ካለፈው በኋላ የወጣ ፊልም ነው፤ ታዲያ ይህ የሚዋጋው ማን ነው?» አለ። ሁለተኛው፣ «ፊቱን እያየኸው እንዴት ማን ነው ትላለህ? እርሱ ራሱ ነው» ሲል መለሰ። ክርክሩ በሣቅ አለፈ። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው።

የነገሩን ታሪክ ባጭሩ እናስታውስ፤ የውጭ አገሩን ዘመን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ብሩስ ሊ በ1940 በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በሆንግ ኮንግ ያደገ፣ በእጅና በእግር የመዋጋትን ጥበብ በሲኒማ ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። በ1972 «የሞት ጨዋታ» የተባለ ፊልም እርሱ ራሱ ጽፎ፣ እርሱ ራሱ አዘጋጅቶ፣ እርሱ ራሱ እየተጫወተበት ማንሣት ጀመረ። አሳቡ እንዲህ ነበር። አምስት ፎቅ ያለው አንድ ግንብ አለ፤ በየፎቁም አንድ ጠባቂ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ጠባቂ የተካነበት አንድ ዐይነት የፍልሚያ ስልት አለው፤ ከዚያም ስልት መውጣት አይችልም። ወደ ላይ የሚወጣው ተዋጊ ግን በአንድ ስልት የታሰረ ስላልሆነ እንደ ባላጋራው ጠባይ እየተለዋወጠ ያልፋቸዋል። ከጠባቂዎቹም አንዱ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ካሪም አብዱል ጀባር ነበር። እንግዲህ ፊልሙ ጡጫና ርግጫ ብቻ አልነበረም፤ ብሩስ ሊ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምረው የኖረውን አሳብ፣ ማለት ሰው የተማረው ትምህርት እስር ቤት ሊሆንበት እንደማይገባ፣ በሥዕል ለማሳየት ያሰበበት ነበር።

ሥራው በመካከሉ ተቋረጠ። ከአሜሪካ ኩባንያ «ኤንተር ዘ ድራገን» የተባለውን ፊልም እንዲሠራ ጥሪ ስለ መጣለት የራሱን ፊልም አቆይቶ ወደዚያ ሄደ። ከዚያም ተመልሶ ሳይቀጥለው ጁላይ 20 ቀን 1973፣ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በሆንግ ኮንግ በድንገት ሞተ። ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። ከግንቡ ፎቆች የሦስቱ ፍልሚያ ተነሥቶ ነበር፤ የቀረው ግን በወረቀትና በልቡ ውስጥ ብቻ ነበረ።

ገንዘብ ያወጣው ኩባንያ አምስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ፊልሙን አስጨረሰ። «ኤንተር ዘ ድራገን»ን ያዘጋጀው ሮበርት ክላውስ ተጠርቶ አዲስ ታሪክ ተጻፈ። ግንቡና አሳቡ ወደ ጎን ተገፍተው፣ ወንበዴዎች ያሳደዱት አንድ የፊልም ተዋናይ የሞተ መስሎ ተደብቆ የሚበቀልበት ተረት ሆነ። ብሩስ ሊን የሚመስሉ ሰዎች ተፈልገው ጥቁር መነጽር ተደረገላቸው፤ ጺም ተለጠፈላቸው፤ ከጀርባና ከጨለማ ውስጥ ተነሡ። በአንድ ቦታማ የሟቹ ፊት ከፎቶግራፍ ተቆርጦ በመስተዋት ላይ ተለጥፎ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የተቀመጠ እንዲመስል ተደረገ። በ1978 በወጣው ፊልም ውስጥ፣ ከመቶ ደቂቃ ገደማ መካከል ብሩስ ሊ ራሱ በግንቡ ውስጥ የሚታይበት ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። የካፋ ሰው ማር ያውቃል። አንድ ማንኪያ የጫካ ማር በአንድ ማሰሮ የስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጦ «የካፋ ማር» ብሎ ገበያ የሚያወጣውን ነጋዴ ምን ብሎ እንደሚጠራው መንገር አያስፈልግም። ማንኪያዋ ማር ግን ማር መሆኗን ማንም አይክድም፤ ሻጩም የሚመካው በእርሷ ነው።

ይህ እንኳ ቢሆን የንግድ ማታለል ነው ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። የማይታለፈው ሌላ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ተዋናይ የሞተ መስሎ ስለሚቀበር ቀብር ማሳየት ያስፈልግ ነበር፤ አዘጋጆቹም ለዚህ ብለው ብሩስ ሊ በእውነት በሞተ ጊዜ የተነሣውን የለቅሶ ሥዕል ወስደው አስገቡት። በመንገድ ላይ የሚታየው ሕዝብ ለትርኢት የተቀጠረ አይደለም፤ በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የሚታየውም ፊት የራሱ የሟቹ ፊት ነው። እውነተኛው እንባ ለልብ ወለዱ ማጣፈጫ ሆነ።

በእኛ አገር ለቅሶ ምን ያህል የከበረ ነገር እንደ ሆነ ለአንባብያን ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። ነገር ግን ለጥያቄአችን የሚጠቅም አንድ የጥንት ልማድ አለ። ቀድሞ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ታላቅ ሰው ሲሞት፣ ይልቁንም በሩቅ አገር በዘመቻ የወደቀ እንደ ሆነ፣ በለቅሶው ሜዳ ላይ ምስሉ ይወጣ ነበር። ልብሱን ያለበሱት ምስል ይቆማል፤ ፈረሱ ተጭኖ ያለ ጌታው ይሳባል፤ ጋሻውና ጦሩ ይታያል፤ አልቃሹም በዚያ ዙሪያ ሙሾ ያወርዳል። ዛሬም ቢሆን የሟቹን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ይዞ ማልቀስ የተለመደ ነው። እንግዲህ የሟችን መልክ ሠርቶ በሕዝብ ፊት ማቆም በራሱ ነውር ነው የሚል ሰው ከአባቶቻችን ጋር መከራከር አለበት። በምስሉና በዚያ ፊልም መካከል ያለው ልዩነት ወዴት ነው? በለቅሶው ሜዳ ላይ የተሰበሰበው ሁሉ ምስል መሆኑን ያውቃል። ምስሉ የሚቆመው ሰውየው አለመኖሩን ለመናገር ነው፤ ባዶው ኮርቻም የሚያስለቅሰው ባዶ በመሆኑ ነው። ፊልሙ ግን ኮርቻው ላይ መነጽር ያጠለቀ ሌላ ሰው አስቀምጦ ፈረሰኛው አልሞተም ይላል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ክርክር እንመለስ፤ እነርሱ ይመለከቱት የነበረው የ1978ቱን ሳይሆን ተከታዩን ነበርና። ፊልሙ ገንዘብ ስላስገባ ያው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ በ1981 ሁለተኛ ክፍል አወጣ፤ «የሞት ግንብ» እየተባለም ይጠራል። አዘጋጁ ንግ ሲ ዩን ሲሆን የፍልሚያውን ክፍል ካቀነባበሩት አንዱ በኋላ ስሙ የገነነው ዩን ዎ ፒንግ ነበር። የግንቡ ሥዕል ግን በመጀመሪያው ፊልም ላይ ውሎአል፤ ታዲያ ብሩስ ሊን ከወዴት ያምጡት? ከ«ኤንተር ዘ ድራገን» ተቆርጠው የቀሩትን ቁርጥራጮች ሰበሰቡ። በእነዚያ ውስጥ ብሩስ ሊ ከአንድ ሽማግሌ መነኵሴ ጋር ሲነጋገር ይታያል፤ ሌላ ንግግር ተሰጥቶት በሌላ ሰው ድምፅ ያልተናገረውን እንዲናገር ተደረገ።

ቡና ስሟን ከካፋ አገኘች እየተባለ በሚነገርበት አገር ላይ ተቀምጦ ስለ ተከታይ ፊልም ሲያስቡ ጀበናውን አለማሰብ አይቻልም። አቦሉ ከተጠጣ በኋላ በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቶና ይፈላል፤ ቀጥሎም በረካ ይመጣል። ቶና ከአቦል ይቀጥናል፤ ነገር ግን ማንም በዚህ አይቀየምም፤ ቡና የምታፈላው እመቤት ቶናን አቦል ነው ብላ አታቀርብምና። እንግዳውም የሚቆየው ለጨዋታው ነው። ተከታይ ሥራ ሁሉ ቶና ነው ብንል አንሳሳትም፤ በቶናነቱም የሚያፍርበት ነገር የለም። የዚህኛው ጥፋት ቀጭን መሆኑ ሳይሆን፣ ከሌላ ጀበና ተገልብጦ በመጣ አተላ ላይ ፈልቶ አቦል ተብሎ መቅረቡ ነው።

ሆኖም ስለዚህ ሁለተኛ ክፍል የተለመደውን ነቀፌታ ብቻ ጽፎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም። የመጀመሪያው ፊልም ያላደረገውን አንድ ነገር ያደርጋልና። በታሪኩ እኩሌታ ገደማ ብሩስ ሊ የሚባለው ሰው ወደ አንድ ወዳጁ ቀብር ይሄዳል። በዚያም ሄሊኮፕተር መጥቶ የሬሳ ሣጥኑን ሲሰርቅ፣ ሣጥኑን አላስወስድም ብሎ ተንጠልጥሎ ከሰማይ ወድቆ ይሞታል። የሟችን ሥዕል ከየሥፍራው ለቃቅመው ፊልም የሠሩ ሰዎች፣ ሬሳ እንዳይሰረቅ ሲከላከል የሞተ ሰው ታሪክ መጻፋቸው አስበውበት ይሁን ሳያስቡት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን የሚይዘው የሟቹ ወንድም ነው። ይህን ወንድም ሆኖ የሚጫወተው በመጀመሪያው ፊልም መነጽር አጥልቆ የብሩስ ሊ ጥላ ሆኖ የኖረው ኮርያዊው ኪም ታይ ቹንግ ነው። በሁለተኛው ፊልም የኋለኛው እኩሌታ መነጽሩን አውልቆ በራሱ ፊት ይታያል።

ስለዚህ ሰው የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለ ሟቹ ክብር ስንከራከር ሕያው የሆነውን ተበዳይ እንረሳዋለን። ኪም ታይ ቹንግ የቴኳንዶ ባለሙያ ነበር። እንዲህ ያለ ጥበብ የያዘ ወጣት ፊቱን እንዲደብቅ፣ ፊቱን በደበቀ መጠን እንጀራ እንዲያገኝ ተደረገ። ሙታንን አላስሞት የሚል ሥራ ሕያዋንን አላስኖር ይላል፤ የአንዱ ቦታ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ሌላው በዚያ ላይ ያለ ስም ይቆማልና። ስለዚህ ይህ ተከታይ ፊልም በጥበብ ሚዛን ቢቀልም፣ ሟቹ እንዲሞት በፈቀደባት ቅጽበት ከቀዳሚው የተሻለ እውነተኛ ሥራ ይሆናል እላለሁ። ወንድሙን የሚያለቅስ ወንድም ሆኖ መቅረብ የሟቹን ቦታ ለሟቹ ትቶ የራስን ቦታ መያዝ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። ኩባንያው ገንዘብ አውጥቷል፤ ሠራተኛውም ደመወዙን ይጠብቃል፤ የአንድ ሰው ሞት የብዙዎችን ድካም ከንቱ ሊያደርግ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሥራው መጨረስ እንዳለበት እንጂ ተመልካቹ መታለል እንዳለበት አያስረዳም። የሚበረታው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። ተመልካቹ እኮ ብሩስ ሊ መሞቱን ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ገንዘቡን ከፍሎ የገባው አንዴ እንኳ ሊያየው ስለ ናፈቀ ነው፤ እንግዲህ የተታለለ የለም ይላሉ። በዚህ ላይ ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ናፍቆት ከረኀብ የተለየ አይደለም ከሚል አሳብ ላይ ደርሻለሁ። የራበው ሰው የተበላሸ እህል እያወቀ ይገዛል፤ እያወቀ መግዛቱ ግን የሻጩን ጥፋት አያነሣለትም።

እንግዲያስ የሟችን ሥራ ጨርሶ መንካት አይገባምን? ይህን እንዳንል የሚከለክለን የራሳችን ታሪክ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው ሳይፈጽሙት ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ብለው ሞቱ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ብዙ ዓመት በኢየሩሳሌም ተቀምጠው ሲደክሙበት ኖረው፣ እርሳቸውም ሳያሳትሙት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። መጽሐፉም «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ተብሎ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ሦስት ሰው፣ ሁለት ሞት፣ አንድ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን ካባ ለብሰው አለቃ ኪዳነ ወልድ ነኝ አላሉም፤ መጽሐፉ በአለቃ ኪዳነ ወልድ ስም ወጣ፤ የጀመረው፣ ያስፋፋው፣ ያሳተመው ማን እንደ ሆነም አንባቢ ያውቃል። የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. በራሳቸው ስም አሳተሙ። አደራ ጥብቅ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው፤ አደራ ተቀባይ የተሰጠውን ዕቃ የራሱ አያደርገውም፤ ራሱንም የዕቃው ባለቤት አስመስሎ አያቀርብም።

መዝገበ ቃላትና የካራቴ ፊልም ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። የሚያገናኛቸው ሁለቱም የአንድ ሰው የሕይወት ድካም መሆናቸው ነው። ብሩስ ሊ ለማንም አደራ ሳይል በድንገት ሞተ፤ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ቢሆንም አደራ ሁልጊዜ በአፍ የሚሰጥ አይደለም። የግንቡ አሳብ በጽሑፍ ቀርቶ ነበር፤ የተነሣውም ሥዕል በእጃቸው ነበር፤ ከዚያ በላይ ምን እንዲናገር ይጠበቅ ነበር?

የብሩስ ሊ ልጅ ብራንደንም ተዋናይ ሆኖ በ1993 «ዘ ክሮው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ለትርኢት በተዘጋጀ ጠመንጃ ተመትቶ በ28 ዓመቱ ሞተ። በአባቱ ስም በ1978 የተጻፈው ተረት ፊልም ሲያነሣ በጥይት ስለሚመታ ተዋናይ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ያስደነግጣል። ያም ፊልም የቀሩት ክፍሎች በምትክ ሰውና በኮምፒዩተር ተሞልተው በ1994 ወጣ፤ ለእርሱና ለእጮኛው መታሰቢያ እንዲሆንም በላዩ ተጻፈበት። ሊጠናቀቅ ጥቂት የቀረውና ታሪኩ ያልተለወጠ ሥራ ስለ ነበረ የብዙ ሰው ኅሊና ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ግን መኪናው ከሰው ኅሊና ቀድሞ ሄዷል። በ1994 የሞተው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኩሺንግ በ2016 በወጣ ፊልም ውስጥ በኮምፒዩተር ተሠርቶ ሲናገር ታይቷል። መነጽርና የተለጠፈ ጺም ቢያንስ ያስታውቁ ነበር፤ አሁን ግን ስፌቱ አይታይም። የአንድን ሟች ድምፅ አስመስሎ ማናገር ዛሬ በቦንጋም ሆነ በአዲስ አበባ በእጅ ስልክ የሚቻል ነገር ነው። እንግዲህ በለቅሶ ሜዳ ላይ ይህ ምስል ነው ብሎ የሚናገረው ማን እንደሚሆን መምህራንና ሕግ አውጪዎች ሳይዘገይ ሊነጋገሩበት ይገባል።

በ2000 ጆን ሊትል የተባለ ካናዳዊ፣ ብሩስ ሊ ስለ ፊልሙ የጻፈውንና በ1972 የተነሣውን ቀሪ ሥዕል አግኝቶ በአንድ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ አሳየው። የሌላ ሰው ጀርባ አልተጨመረበትም፤ ተረትም አልተፈጠረለትም። ሦስቱ ፎቆች እንደ ተነሡ ይታያሉ። ተዋጊው የመጨረሻውን ጠባቂ ካሸነፈ በኋላ ወደ ግንቡ ጫፍ የሚያደርሰውን ደረጃ ይወጣል፤ ጥቂትም ቆይቶ እየተንገዳገደ ይወርዳል። ላይ ምን እንዳገኘ አይታይም። ሥዕሉ እዚያ ላይ ያበቃል።